የቢ ሴሎች ቻይነት

የቢ ሴሎች ቻይነት ማለት ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱት ነጭ የደም ሴሎች፣ ማለትም ቢ ሴሎች፣ የሚኖሩበትን ሰውነት ፕሮቲኖችና ሌሎች ሞለኪውሎች ሳያጠቁ እንዲያልፉ የሚያደርግ የሰውነት አሠራር ነው። በሕክምና ትምህርት «ቶለራንስ» በሚለው ቃል ይታወቃል። ቻይነቱ ከሴሉ ጋር አብሮ የሚወለድ ባሕርይ አይደለም። አዲስ ከሚፈጠሩት ቢ ሴሎች ብዙዎቹ የራስን አካል የሚይዙ ናቸው። እነዚህ በአጥንት መቅኔ፣ በጣፊያና በሊምፍ እጢዎች ውስጥ በተከታታይ ይፈተናሉ፤ አንዳንዶቹ ይታረማሉ፣ አንዳንዶቹ ይሞታሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በሕይወት እያሉ ዝም እንዲሉ ይደረጋል። ፈተናው ሲከሽፍ እንደ ሉፐስ ያሉ ራስን በራስ የማጥቃት በሽታዎች ይከተላሉ። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ሰውነት ለአንዳንድ ተሕዋስያን የሚሰጠው መልስ ያጣል።

የደም ዓይነት ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። የደም ዓይነቱ ኤ የሆነ ሰው በቀይ የደም ሴሎቹ ላይ ኤ የተባለው የስኳር ምልክት አለ፤ በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ የቢን ምልክት የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል። ኤን የሚያጠቃ ግን የለውም። የደም ዓይነቱ ኤቢ የሆነ ሰው ሁለቱም ምልክቶች ስላሉት ሁለቱንም አያጠቃም፤ ኦ የሆነው ሰው ሁለቱንም ያጠቃል። እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት የሌላ ሰው ደም ያልወሰደ ሕፃን ላይም ከተወለደ ጥቂት ወራት በኋላ ብቅ ይላሉ፤ በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ስኳሮችን ስለሚሸከሙ ሰውነቱ በእነሱ አማካኝነት ይለማመዳል። ከዚህ ልምምድ ውስጥ የራሱን ምልክት ብቻ ለይቶ መተዉ ነው ቻይነት የሚባለው። (የደም ዓይነት ቢ እና ቢ ሴል የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው።)

ስያሜ

«ቢ» የሚለው ፊደል የመጣው ከዶሮ ነው። በዶሮ ፊንጢጣ አጠገብ የፋብሪሲየስ ቡርሳ የሚባል ትንሽ ከረጢት አለ። ብሩስ ግሊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ይህ ከረጢት በጫጩትነታቸው የወጣላቸው ዶሮዎች ፀረ እንግዳ አካል መሥራት እንደሚያቅታቸው አሳተሙ። ጽሑፉ የወጣው በዶሮ እርባታ ሳይንስ መጽሔት ላይ ስለነበር የሕክምና ተመራማሪዎች ለተወሰነ ጊዜ ልብ አላሉትም። ሰው ይህ ከረጢት የለውም፤ ቢ ሴሎቹ የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው።

ችግሩ ከየት ይመጣል

እያንዳንዱ ቢ ሴል በላዩ ላይ አንድ ዓይነት ተቀባይ ብቻ ይሸከማል። ተቀባዩ ከሴሉ ሽፋን ጋር የተጣበቀ ፀረ እንግዳ አካል ማለት ነው፤ ሴሉ ወደፊት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ምን እንደሚይዝ በዚሁ ተቀባይ ቅርጽ ይወሰናል። ተቀባዩ ከሁለት ከባድ ሰንሰለቶችና ከሁለት ቀላል ሰንሰለቶች የተገጣጠመ ነው።

የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖች 20,000 ገደማ ናቸው። የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ጂን ሊኖር አይችልም። መፍትሔውን ጃፓናዊው ሱሱሙ ቶኔጋዋ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳየ፤ በ1987ም ለብቻው የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ቢ ሴል በእድገቱ ጊዜ የገዛ ዲ ኤን ኤውን ቆርጦ ይቀጥላል። ለከባዱ ሰንሰለት ብቻ ከ40 ገደማ የመጀመሪያ ቁራጮች አንዱን፣ ከ23 መካከለኛ ቁራጮች አንዱን፣ ከ6 የመጨረሻ ቁራጮች ደግሞ አንዱን በዕጣ ይመርጣል። ይህ ብቻውን ከ5,500 በላይ ጥምረት ይሰጣል። በቁራጮቹ መጋጠሚያ ላይ ፊደላት በዘፈቀደ ይጨመራሉ፣ ይቀነሳሉም፤ ከዚያ ቀላሉ ሰንሰለት በራሱ ዕጣ ተሠርቶ ይገጠማል። ውጤቱ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ቅርጽ ነው።

ዕጣው ዓይነ ስውር ነው። እስካሁን በዓለም ላይ ታይቶ የማይታወቅ ቫይረስን የሚይዝ ቅርጽ የሚወጣው ከዚሁ ዕጣ ነው፤ የልብ ጡንቻን፣ የታይሮይድ እጢን ወይም የሴል አስኳልን የሚይዝ ቅርጽም የሚወጣው ከዚሁ ነው። ቢ ሴሉ ተቀባዩን ሲሠራ የትኛው እንደ ደረሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የይለፍ ቃል በዘፈቀደ የሚያወጣ ፕሮግራም እንደማለት ነው፤ ያወጣው ቃል አስቀድሞ የተያዘ መሆኑ የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ሲሞከር ብቻ ነው።

የዕጣው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በሰው ላይ የተለካው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ቫርደማን፣ ሚሼል ኑሰንስዋይግና ባልደረቦቻቸው ከጤናማ ሰዎች መቅኔና ደም ቢ ሴሎችን አንድ በአንድ ለይተው፣ የእያንዳንዱን ፀረ እንግዳ አካል በላቦራቶሪ ሠርተው ሞከሩት። በመቅኔ ውስጥ ገና ተቀባያቸውን ካወጡት ጀማሪ ሴሎች ከ55 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑት የራስን አካል የሚይዙ ሆነው ተገኙ። በደም ውስጥ ከሚዘዋወሩት፣ ጎልምሰው ጀርም ከሚጠብቁት መካከል ግን መጠኑ ወደ 20 በመቶ ዝቅ ብሎ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በጤናማ ሰው መቅኔ ውስጥ ራስን የሚይዝ ሴል መፈጠሩ ብልሽት ሳይሆን የዘወትር ነገር ነው። 20 በመቶ መቅረቱም እንዲሁ ልብ ሊባል ይገባል።

የሐሳቡ ታሪክ

ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ ከባልደረባው ዩሊየስ ሞርገንሮት ጋር ለፍየሎች የሌሎች ፍየሎችን ደም ወጋ። ፍየሎቹ የሌሎቹን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል ሠሩ፤ የገዛ ራሳቸውን የሚያፈርስ ግን አልሠሩም። ኤርሊክ ሰውነት ራሱን ለመመረዝ ያለውን ፍርሃት «ሆሮር አውቶቶክሲከስ» በሚል የላቲን ስም ጠራው። ኤርሊክ ይህ ፍርሃት ሊጣስ እንደሚችልና የሚከላከል አሠራር መኖር እንዳለበት ጽፎ ነበር፤ ተከታዮቹ ግን ስሙን ይዘው «ሰውነት ራሱን ሊያጠቃ አይችልም» ወደሚል ደንብ ለወጡት። እንዲህ ዓይነቱ ደንብ ለመፍረስ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በቡፋሎ ከተማ በኤርነስት ቪተብስኪ ሥር የሚሠራው ወጣቱ ኖኤል ሮዝ ጥንቸሎችን በገዛ ራሳቸው የታይሮይድ ጭማቂ ሲወጋ ፀረ እንግዳ አካል ሠርተው እጢያቸው ተቃጠለ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ በሃሺሞቶ የታይሮይድ በሽታ የተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ እጢውን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ።

ሌላው መንገድ በላሞች በኩል መጣ። አሜሪካዊው ሬይ ኦወን እ.ኤ.አ. በ1945 መንታ ጥጆችን ሲመረምር፣ በማሕፀን ሳሉ የእንግዴ ልጃቸው የደም ሥሮች የተገናኙ መንትዮች ካደጉም በኋላ አንዱ የሌላውን የደም ሴል ይዞ እንደሚኖርና እንደማያጠቃው አየ። አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ከፍራንክ ፌነር ጋር እ.ኤ.አ. በ1949 ከዚህ ተነሥቶ «የራስ» የሚባለው ነገር በእድገት ጊዜ የሚማሩት ነው አለ። በ1953 ፒተር ሜደዋር፣ ሩፐርት ቢሊንግሃምና ሌስሊ ብሬንት ለአይጥ ፅንስ የሌላ ዝርያ ሴሎችን ወጉ፤ የተወለዱት አይጦች ካደጉ በኋላ የዚያን ዝርያ የቆዳ ንቅለ ተከላ ተቀበሉ። በርኔትና ሜደዋር በ1960 የኖቤል ሽልማት ሲካፈሉ መነሻውን ያገኘው ኦወን አልተካተተም።

የበርኔት ሐሳብ ግን ለቢ ሴል አንድ ጎዶሎ ነበረው። መቅኔ ቢ ሴሎችን የሚሠራው በፅንስነት ብቻ ሳይሆን ዕድሜ ልክ ነው። ሰውነት በሕፃንነቱ የተማረውን ዛሬ ጠዋት የተፈጠረ ሴል እንዴት ሊያውቅ ይችላል? ጆሹዋ ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ፈተናውን ከሰውነቱ ዕድሜ አንሥቶ ወደ ሴሉ ዕድሜ አዛወረው። እያንዳንዱ ሴል ገና ጮርቃ ሳለ የሚይዘውን ነገር ካገኘ ይጠፋል፤ ከጎለመሰ በኋላ ካገኘ ይነሣሣል። ጮርቃ ሴል በመቅኔ ውስጥ የሚያገኘው ነገር በአብዛኛው የራስ አካል ስለሆነ፣ ጊዜው ራሱ መለያ ሆኖ ያገለግላል። የዛሬው ትምህርት የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

በመቅኔ ውስጥ የሚደረገው ፈተና

ጮርቃው ቢ ሴል ተቀባዩን እንዳወጣ ከመቅኔው ሳይወጣ ዙሪያውን ይነካካል። ተቀባዩ አንድን የራስ ሞለኪውል አጥብቆ ከያዘ ሴሉ እድገቱን ያቆማል።

ለረጅም ጊዜ ከዚህ በኋላ ያለው ብቸኛ ዕጣ ሞት ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን ሁለት ቡድኖች፣ የማርቲን ዋይገርትና የዴቪድ ኔማዚ፣ ሴሉ ሁለተኛ ዕድል እንዳለው አሳዩ። ሴሉ የዲ ኤን ኤ መቁረጫዎቹን እንደገና አስነሥቶ ቀላሉን ሰንሰለት በሌላ ይተካል። ይህ የተቀባይ እርማት ይባላል። ካፓ ከሚባለው የቀላል ሰንሰለት ጂን ያልተሞከሩ ቁራጮች ካሉ እነሱን ይሞክራል፤ ካለቁ ወደ ሁለተኛው የካፓ ቅጂ፣ ከዚያም ላምዳ ወደሚባለው ጂን ይሻገራል። ከባዱ ሰንሰለት ሳይነካ ቀላሉ ብቻ ሲቀየር የተቀባዩ ቅርጽ ስለሚለወጥ ሴሉ ከራስ አካል ይላቀቃል። በአይጦች ላይ በተደረገ ልኬት ከቢ ሴሎች ሩብ ያህሉ በእርማት ያለፉ መሆናቸው ተገምቷል። ሰውነት ሴሉን ለመሥራት ብዙ ደክሟልና ከመጣል መጠገን መምረጡ አያስገርምም።

ዕድሎቹ ሁሉ አልቀው ተቀባዩ አሁንም የራስን አካል አጥብቆ ከያዘ፣ ሴሉ ራሱን በራሱ ያጠፋል።

የእንቁላሉ ፕሮቲን ሙከራ

ቻይነት በዓይን የታየበት ሙከራ የተሠራው በአውስትራሊያ ነው። ክሪስቶፈር ጉድናውና ባልደረቦቹ በእንቁላል ነጭ ክፍል ውስጥ የሚገኘውን ላይሶዛይም የተባለ ፕሮቲን መረጡ። ለአይጥ ይህ ፕሮቲን ባዕድ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለት ዓይነት አይጦችን አዘጋጁ። የመጀመሪያዎቹ የላይሶዛይሙ ጂን ተጨምሮላቸው ከፅንስነታቸው ጀምሮ በደማቸው ውስጥ ስለሚያመርቱት ፕሮቲኑ «የራስ» ሆነላቸው። የሁለተኛዎቹ ቢ ሴሎች ማለት ይቻላል ሁሉም ላይሶዛይምን የሚይዝ ተቀባይ እንዲሸከሙ ተደረገ። ከዚያ ሁለቱን አዳቀሏቸው።

በ1988 የታተመው ውጤት ብዙዎች ከጠበቁት ውጪ ነበር። የተዳቀሉት አይጦች ላይሶዛይምን የሚይዙት ቢ ሴሎች አልጠፉም፤ በጣፊያቸው ውስጥ በብዛት ነበሩ። ሆኖም ሲነኩ አልተነሡም፣ ፀረ እንግዳ አካልም አላመረቱም። አይ ጂ ኤም የሚባለውን ተቀባያቸውን ከላያቸው ቀንሰው ነበር። ጉስታቭ ኖሳልና ቤቨርሊ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1980 የገለጹት ድንዛዜ ይኸው ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ1991 ሙከራውን ትንሽ ቀየሩት። ላይሶዛይሙ በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ ሳይሆን በሴሎች ሽፋን ላይ የተተከለ እንዲሆን አደረጉ። በዚህ ጊዜ ቢ ሴሎቹ ደነዘዙ ሳይሆን ጠፉ። በሽፋን ላይ የተደረደረ ፕሮቲን ብዙ ተቀባዮችን በአንድ ጊዜ ስለሚስብ ለሴሉ የሚደርሰው ምልክት ብርቱ ነው፤ ተንሳፋፊው ደካማ ምልክት ይሰጣል። ያው ሴል፣ ያው ፕሮቲን ሆኖ ዕጣው በምልክቱ ብርታት ተለየ። ከዚህ በመነሣት ነው ሞትና ድንዛዜ የአንድ መለኪያ የተለያዩ ደረጃዎች ተደርገው የሚታዩት።

ከመቅኔ ውጪ

ሁሉም የሰውነት ፕሮቲን በመቅኔ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ጥበቃው በጣፊያና፣ ሲያብጡ ንፍፊት በሚባሉት፣ በሊምፍ እጢዎች ውስጥ ይቀጥላል።

የደነዘዘ ሴል ለመኖር ባፍ ከሚባል የመኖሪያ ምልክት ከሌሎች ሴሎች የበለጠ ይፈልጋል። ባፍ ደግሞ የተወሰነ ነው። ጤናማ ሴሎች በብዛት ባሉበት የደነዘዘው በሽሚያው ይሸነፍና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ሌሎቹ ለሳምንታት ይቆያሉ። ባፍ ከመጠን በላይ እንዲያመርቱ የተደረጉ አይጦች ሉፐስ የሚመስል በሽታ ይይዛቸዋል፤ ሽሚያው ሲላላ መሞት የነበረባቸው ሴሎች ይተርፋሉና።

ሁለተኛው ጠባቂ ቲ ሴል ነው። ቢ ሴል የያዘውን ፕሮቲን ውጦ፣ ቆራርጦ፣ ቁራሹን ለረዳት ቲ ሴል ያሳያል። ያንን ቁራሽ የሚያውቅ ቲ ሴል ካልመጣና ካላበረታታው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት አይሄድም። ቲ ሴሎች ደግሞ በታይመስ እጢ ውስጥ በራሳቸው መንገድ ተፈትነው ስለሚወጡ፣ የራስን ፕሮቲን የያዘ ቢ ሴል አጋር ያጣል። ከ20 በመቶዎቹ ብዙዎቹ ጉዳት ሳያደርሱ የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎቹ ደግሞ የሚይዙት ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ወይም ደም በማይደርስበት ቦታ ስለተሸሸገ ከነጭራሹ አይተዋወቁም።

ዳግመኛ ዕጣ

ጀርም ሲገባና ቢ ሴሎች ሲነሣሡ፣ በሊምፍ እጢዎች ውስጥ ጀርሚናል ሴንተር የሚባሉ ጊዜያዊ የመባዣ ቦታዎች ይፈጠራሉ። በእነዚህ ቦታዎች ቢ ሴሎች የተቀባያቸውን ጂን ሆን ብለው ያዛባሉ፤ ጀርሙን የበለጠ አጥብቆ የያዘው ይመረጣል። ክትባት በጊዜ ብዛት የተሻለ ፀረ እንግዳ አካል የሚያስገኘው በዚህ ሂደት ነው። ሆኖም ከመቅኔ የወጣ፣ ፈተናውን ያለፈ ሴል እዚህ እንደገና ዕጣ ይጥላል ማለት ነው። ቤቲ ዳይመንድና ማቲው ሻርፍ እ.ኤ.አ. በ1984 አደጋውን በግልጽ አሳዩ፤ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ላይ ያለ ሞለኪውልን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ውስጥ አንዲት አሚኖ አሲድ ብትለወጥ ዲ ኤን ኤን ወደሚይዝ ተለወጠ። ዲ ኤን ኤን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል የሉፐስ መለያ ነው።

ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። የጉድናው ቡድን በቅርቡ ባደረጋቸው ጥናቶች የደነዘዙ ሴሎች ወደ ጀርሚናል ሴንተር ገብተው ከራስ አካል የሚያላቅቃቸውን ለውጥ ሲያገኙ፣ ከዚያም ጀርሙን ለመያዝ ሲሻሻሉ ታይተዋል። ሰውነት የደነዘዙ ሴሎችን ሁሉ ለምን ወዲያው እንደማያጠፋ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አሳማኙ ይህ ይመስላል። የራስን አካል የሚመስል ልብስ ለለበሰ ጀርም ቅርብ የሆነው መሣሪያ የደነዘዘው ሴል ነውና።

ጥበቃው የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ብዙ የኤች አይ ቪ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ ከሚያከሽፉት ብርቅ ፀረ እንግዳ አካላት አንዳንዶቹ የሰውነትን የራሱን ቅባቶችም ይይዛሉ። እነዚህን የሚሸከሙ ቢ ሴሎች የተሰጧቸው አይጦች አብዛኞቹን በመቅኔያቸው ውስጥ አጥፍተዋቸዋል። የኤች አይ ቪ ክትባት ሥራን ካከበዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ቻይነት ሲፈርስ

የቻይነት መፍረስ በተለያዩ በሽታዎች ይታያል። በማያስቴኒያ ግራቪስ ፀረ እንግዳ አካላት ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን ተቀባይ ያጠቃሉ፤ የዐይን ሽፋን ይወድቃል፣ መዋጥና መተንፈስ ይከብዳል። ከታመመች እናት የሚወለድ ሕፃን አንዳንድ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ተመሳሳይ ድካም ይታይበትና የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል ከደሙ ሲያልቅ ይድናል። በግሬቭስ በሽታ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉ የታይሮይድን ተቀባይ ከማፍረስ ይልቅ ያለ ዕረፍት ያነሣሣዋል፤ እጢው ያብጣል፣ ልብ ይመታል፣ ክብደት ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በብዛት የታወቀው እንቅርት ግን በዋናነት ከአዮዲን እጥረት የሚመጣ በመሆኑ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ ቅርብ የሆነው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው፤ በአገሪቱ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ከሚታዩት ዋና ዋና የልብ ሕመሞች አንዱ ነው። የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ በሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። የባክቴሪያው ኤም ፕሮቲን በልብ ጡንቻ ውስጥ ካለው ማዮሲን ጋር ይመሳሰላል። ባክቴሪያውን ለመያዝ የተነሡት ቢ ሴሎችና ቲ ሴሎች ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ልብን፣ በተለይም የልብ በሮችን፣ ያጠቃሉ። ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥር በሮቹ እየጠበቡ ወይም እያፈሰሱ ይሄዳሉ። የጉሮሮው ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ከታከመ ይህ ሁሉ ሰንሰለት አይጀመርም፤ አንዴ የታመመ ልጅም በየጊዜው በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ከድጋሚ ጥቃት ይጠበቃል።

ሉፐስ ከታማሚዎቹ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ሴቶች የሆኑበት፣ ቆዳን፣ መገጣጠሚያንና ኩላሊትን የሚጎዳ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከወታደሮች ተወስዶ የተቀመጠ ደምን ወደ ኋላ ተመልሶ መረመረ። ኋላ ሉፐስ ከያዛቸው 130 ሰዎች 115ቱ ከምርመራቸው በፊት፣ አንዳንዶቹም ከዘጠኝ ዓመት ቀደም ብለው፣ ራስን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው። ቻይነት የሚፈርሰው ታማሚው ምንም ሳይሰማው፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

በሕክምና

ስለ ቻይነት የተገኘው እውቀት ወደ መድኃኒትነት ተለውጧል። ቤሊሙማብ የባፍን ምልክት የሚያግድ ሲሆን በአሜሪካ ለሉፐስ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሪቱክሲማብ በቢ ሴሎች ላይ ያለን ሲዲ20 የተባለ ምልክት ይዞ ሴሎቹን ያስወግዳል፤ መጀመሪያ የተፈቀደው በ1997 ለቢ ሴል ካንሰር ነበር። ፀረ እንግዳ አካልን በብዛት የሚያመርቱት ፕላዝማ ሴሎች ሲዲ20 ስለሌላቸው ከዚህ መድኃኒት ያመልጣሉ።

በጀርመን ኤርላንገን ከተማ የጌዮርግ ሼት ቡድን ከዚህ ራቅ ያለ መንገድ ሞከረ። የታማሚውን ቲ ሴሎች ከደሙ አውጥተው፣ ቢ ሴልን እንዲያድኑ በጂን ለውጠው መልሰው ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ዘገባ ሌላ ሕክምና ያልበጀላቸው አምስት የሉፐስ ታማሚዎች በሦስት ወር ውስጥ ሁሉም ከምልክቶቹ ተላቀቁ፤ ቢ ሴሎቻቸውም ጠፉ። ከ100 ቀናት ገደማ በኋላ መቅኔያቸው አዲስ ቢ ሴሎችን መላክ ጀመረ። የተመለሱት በአብዛኛው ገና ምንም ጀርም ያልገጠማቸው ሴሎች ነበሩ፤ ዘገባው እስከ ወጣበት ጊዜ ድረስም በሽታው አብሯቸው አልተመለሰም።